ታወር የሌለበት ቦታ ዜና የለም እንዴ?

በዚህ ሴሚስተር ከተሰጡን የተግባር ሥራዎች ሁሉ ብዙ ነጥብ የያዘው የመስክ ቀጥታ ስርጭት ነው። አራት አራት ሆነን ተቧድነን ከአዲስ አበባ ውጭ እንወጣለን፣ በእጅ ስልካችን አሥራ አምስት ደቂቃ በቀጥታ እናስተላልፋለን፣ መምህራችን ደግሞ ቢሯቸው ሆነው ይከታተሉናል። ከ30 ነጥብ ውስጥ 10ሩ የተያዘው «ስርጭቱ ሳይቋረጥ በመድረሱ» ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ዘመኑ የላይቭ ነው፤ ነገ ተመርቀን የምንቀጠርበት ጣቢያም «ላይቭ ግቡ» ማለቱ አይቀርም። ግን ይቺ 10 ነጥብ ማንም ሳያስበው አንድ ትልቅ ነገር እያስተማረችን ነው። የምንዘግብበትን ቦታ የምንመርጠው እኛ መሆናችን ቀርቶ የኔትወርክ ታወር ሆኗል። እኔ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከክፍላችን ቡድኖች አብዛኞቹ የት ሄዱ? አዳማና ቢሾፍቱ። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እዛ ኔትወርክ አለ»። በቃ። እዚያ ምን ታሪክ አለ፣ ማን ያልተሰማ ሰው አለ የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ሆነ። ሦስት ቡድን ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቆሞ ስለ ቱሪዝም አወራ። ሐይቁ አፍ ቢኖረው «በቃኝ» ይል ነበር። እነዚህን ጓደኞቼን አልወቅሳቸውም፤ ነጥብ የተሰጠው ላልተቋረጠ ስርጭት ከሆነ ተማሪ ስርጭት ወደማይቋረጥበት ይሄዳል። እኔም ሌላ ጊዜ እንደዚያው ሳላደርግ አልቀርም።

የእኛ ቡድን የጅማን መንገድ ያዘ። የመረጥነው ርዕስ ከባድ መኪና ተበላሽቶባቸው መንገድ ላይ ለቀናት ስለሚያድሩ ረዳቶች ነበር። መኪናው ሲቆም ሹፌሩ መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ረዳቱ ጭነቱን እየጠበቀ እዚያው ይቀራል። በአገር አቋራጭ አውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ አይቷቸዋል። ከጎማ ሥር ድንጋይ የደገፉ፣ ለሚመጣው መኪና ምልክት እንዲሆን አስፋልቱ ላይ ቅጠል የጎዘጎዙ ልጆች ናቸው። በመስኮት አይተናቸው እናልፋለን። ቆም ብሎ ያነጋገራቸው ግን ጥቂት ነው።

ከአዲስ አበባ ጅማ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን አልፎ እስከ ወልቂጤ ድረስ በየከተማው ሲደርሱ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ከከተማው ሲርቁ ይደክማል፣ ግን ብዙም አያስቸግርም። ከወልቂጤ ወጥቶ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ግቤ ወንዝ ሲወርድ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ድልድዩን ተሻግሮ ደግሞ ወደ ሳጃ አቅጣጫ ዳገቱን ይያያዘዋል። ጭነት የያዘ መኪና የሚፈተነውም እዚሁ ነው፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል፣ ዳገቱን ሲወጣ ሞተሩ። አስተውሉ፣ መኪና የሚበላሽበት ቦታና ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ አንድ ቦታ ነው። ምክንያቱም ሁለቱንም የሚያስቸግራቸው ያው ተራራና ገደል ነው።

ዳገቱ ላይ አንድ ረዳት አገኘን። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ገደማ ነው። ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ማታ ማታ እንቅልፍ እንዳይወስደው ምን እንደሚያደርግ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ከጭነቱ አንድ ኩንታል ቢጎድል ከማን ደሞዝ እንደሚቆረጥ እየሳቀ ነገረን። እየሳቀ መናገሩ ነው እኔን የከበደኝ። አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ አወራ፤ እኛ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገንም። ቀጥታ ስርጭቱ ግን ለአርባ ሰከንድ ያህል ሄዶ ቆመ። መምህራችን ያዩት አፉን እንደከፈተ የቀረ ልጅ ምስልና በላዩ የምትሽከረከር ክብ ምልክት ነው። በሌላ ስልክ ሙሉውን እየቀረፅን ስለነበር ማታ ወልቂጤ ገብተን ላክነው። ነጥቡ ሲመጣ ከዐሥሩ ዜሮ ነው። ይህን የምጽፈው ነጥብ ለማስመለስ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ (ቢመለስ ግን አልጠላም)።

«ኔትወርክ እኮ ነበረን፣ ስልካችን ላይ ሦስት መስመር ይታይ ነበር» ስንል የሳቁብን አሉ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም፤ ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ ነው። ስልካችን ላይ የምናያቸው እነዚያ ቋሚ መስመሮች የሚነግሩን የታወሩ ድምፅ ለእኛ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚደርስ ነው። የእኛ ድምፅ ታወሩ ዘንድ መድረስ አለመድረሱን አይነግሩንም። ታወሩ የሚያሰራጨው በአሥሮች በሚቆጠር ዋት ጉልበት ነው፤ የእጅ ስልክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 ዋት አይበልጥም። አንዱ ሰው ተራራ ላይ ወጥቶ በድምፅ ማጉያ ይጣራል እንበል፤ ሌላው ከሸለቆው በባዶ አፉ ይመልሳል። ከታች ያለው ሁሉንም ይሰማል። ከላይ ያለው ምንም አይሰማም። ለዚህ ነው ግቤ ላይ መልእክት ማንበብ፣ እንዲያውም አጭር ቪዲዮ ማየት እየተቻለ ቪዲዮ መላክ የማይቻለው። ጋዜጠኛ ደግሞ ሥራው መላክ ነው።

ለተመልካች ሌላም ነገር ያግዘዋል። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ የተቀረፀ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ስልኩ ቀድሞ የሚመጣውን ክፍል እየጫነ ያስቀምጥለታል፤ ኔትወርኩ ለትንሽ ጊዜ ቢጠፋ እንኳ ካስቀመጠው ላይ እየመነዘረ ያሳየዋል። ቀጥታ ስርጭት ግን ገና ያልተፈጠረን ነገር ቀድሞ ሊያስቀምጥ አይችልም። በዚህ ላይ መኪናው ይሮጣል። ስልኩ ከአንዱ ታወር ወደ ሌላው መቀባበል አለበት፣ የአውቶቡሱ ብረት ራሱ ሞገዱን ያዳክመዋል፣ ፈጣን ኢንተርኔት የሚሸከሙት ከፍ ያሉት ሞገዶች ደግሞ ሩቅ አይሄዱም፣ ተራራም ይከለክላቸዋል።

በነገራችን ላይ «ዋይፋይ አለው» ተብሎ የሚለጠፍበት አውቶቡስም ተአምር የለውም። ጣሪያው ሥር ያለችው ሣጥን ውስጥ ያለው እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ሲም ካርድ ነው። ታወር ሲጠፋ ለእርሷም ይጠፋል። ታወር ሲኖርም አንዱን መስመር አርባ ምናምን ሰው ይካፈለዋል፤ አንዱ ኳስ ሊያይ፣ አንዱ ፊልም፣ አንዷ ልጇን በቪዲዮ ልታናግር። ለሥራ ብሎ በርሱ የተማመነ ሰው ከመስኮት አጠገብ ተቀምጦ በራሱ ዳታ ቢሞክር ይሻለዋል።

እስኪ ቁጥሩንም እንየው። በ720 ጥራት ቪዲዮ በቀጥታ ለመላክ በሰከንድ 2.5 ሜጋቢት ያህል ቢያስፈልግ፣ የእኛ አሥራ አምስት ደቂቃ ወደ 280 ሜጋባይት ይሆናል ማለት ነው። ያውም አንዴ ብቻ ከተሞከረ ነው፤ ከመሃል ተቋርጦ እንደገና ከተጀመረ ይጨምራል። ይህን ዳታ የገዛነው ከኪሳችን አዋጥተን ነው። ሁለት ስልክ፣ የሁለት ድርጅት ሲምና በቂ ጥቅል ይዞ የሚወጣ ተማሪና ለትራንስፖርት እንኳ የተበደረ ተማሪ በአንድ ሚዛን «ሳይቋረጥ በመድረሱ» ተብለው ይመዘናሉ። ድምፁን ብቻ በ64 ኪሎቢት ብንልከው ግን ያው አሥራ አምስት ደቂቃ 7 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚፈጀው። አርባ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው! የረዳቱ ታሪክ ደግሞ ያለው ድምፁ ውስጥ ነበር። የመኪናውን ጎማ ማየት ምን ይጨምራል? ትንሽ ይጨምራል፣ አልክድም፤ አርባ እጥፍ ግን አይጨምርም።

ለዚህ ነው ሬዲዮን የናቅነው ይመስለኛል የምለው። የክልል ዘጋቢዎች በስልክ መስመር ድምፃቸውን ብቻ ሲልኩ አድማጭ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጥ ነበር፤ ድምፁ ቢንኮሻኮሽም። እኛ በአንደኛ ዓመት ለሬዲዮ መጻፍን ተምረን ስናበቃ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስልክ ሲሰጠን ረሳነው። በመስክ ሥራው መመሪያ ላይ ድምፅ ብቻ የሚባል አማራጭ የለም።

አንዳንዶች «ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው፣ ኔትወርኩ እየተስፋፋ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ እየተስፋፋ ነው። ግን በምን ቅደም ተከተል ነው የተስፋፋው? ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ሲገባ የጀመረው አዲስ አበባ ነው። 4ጂ በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጀመረ። 5ጂ በግንቦት 2014 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው እንደገና አዲስ አበባ ነው። ሳፋሪኮም ሙከራውን ድሬዳዋ ላይ አድርጎ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በይፋ አገልግሎት ሲጀምር ከሞኖፖል ወጣን ብለን ተደስተናል፤ ይሁንና እርሱም ያው ከከተማ ነው የተነሳው። ይህን የምለው ለመውቀስ ብዬ አይደለም። ታወር መትከል ገንዘብ ነው፣ ገንዘብ ደግሞ ሰው ወዳለበት ይሄዳል፤ ማንም ነጋዴ እንደዚያ ነው። የጋዜጠኝነት ካርታ ግን የነጋዴ ካርታ መሆን የለበትም። ቀጣዩ ፈጣን ኔትወርክ ሲመጣም መጀመሪያ ቦሌ እንጂ መጀመሪያ ግቤ ሸለቆ አይደርስም፤ እኛም «ሲደርስ እንዘግባለን» ብለን የምንጠብቅ ከሆነ ሁልጊዜ አንድ ትውልድ ወደኋላ የቀረ ቦታ ይኖራል።

ሁለተኛ፣ ኔትወርክ የሚጠፋው በተራራ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ነበር። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ከመስመር ውጭ ሆና ቆይታለች። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጧል። እነዚህ ጊዜያት ደግሞ ዘገባ ከምንጊዜውም በላይ የሚፈለግባቸው ጊዜያት ነበሩ። በላይቭ ብቻ የሠለጠነ ዘጋቢ በእንደዚህ ያለ ቀን ምን ይሠራል? ቀርፆ፣ መዝግቦ፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ፣ ፋይሉን ጠብቆ መስመር ሲገኝ መላክ የሚባል ሙያ አለ። ይህን ሙያ ነው እኛ «የተቋረጠ» ብለን ዜሮ የምንሰጠው።

የመምህራችንን መከራከሪያ ደግሞ በአግባቡ ላቅርበው፤ በክፍል ውስጥ ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁና። ላይቭ ተማሪውን ያስጨንቀዋል፣ ቆርጦ መቀጠል ስለሌለ አንደበቱን ያሠለጥነዋል ይላሉ። ልክ ናቸው። እንዲያውም ከሁሉም ኮርሶች በላይ እኔን የጠቀመኝ ይሄ ጭንቀት ነው። ትልልቅ ጣቢያዎች ብዙ ሲም ካርዶችን በአንድ ላይ አጣምሮ የሚልክ እንደ ላይቭዩ ያለ መሣሪያ በጀርባ ቦርሳ ተሸክመው እንደሚወጡም ነግረውናል። ይህም ልክ ነው። ብቻ እኛ የለንም፤ ያ መሣሪያ ቢኖረንም ምንም ታወር የማያገኝበት ቦታ ላይ አሥር ሲም አንድ ላይ ቢጣመር አሥር ጊዜ ዜሮ ነው።

አንደበት ማሠልጠኑን ግቢያችን ውስጥ ማድረግ ይቻላል። ዋይፋይ ባለበት፣ ካፌው በር ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየ፣ ከፈለጉ ከጀርባ እያስጮሁብን ለአሥራ አምስት ደቂቃ ላይቭ ያስገቡን። ጭንቀቱ ያው ነው፤ ምናልባትም ጓደኛ ሲያይ ይብሳል። ሁሉም በአንድ ኔትወርክ ስለሚፈተን ፍርዱም ትክክል ይሆናል። መስክ ስንወጣ ደግሞ የመስክ ሙያ ይመዘንብን። ማንን አገኘን? ምን ጠየቅን? ያልነው ስም፣ ቁጥርና ቦታ ትክክል ነው? ከኔትወርክ ውጭ ስንሆን ምን አደረግን? ቡድኑ ከመውጣቱ በፊት መንገዱ ላይ የት የት መስመር እንዳለ ጠይቆ፣ የት ቆሞ እንደሚልክ አቅዶ፣ ባትሪና ፓወር ባንኩን ሞልቶ ወጥቷል ወይ የሚለውም ይመዘን፤ ዕቅድ ራሱ ሙያ ነውና። እያንዳንዱ ቡድን ሲመለስ በየትኛው ከተማና በየትኛው ዳገት ላይ መላክ እንደቻለና እንዳልቻለ በአንድ ደብተር ላይ ቢጽፍ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት ክፍላችን በየትኛውም ኩባንያ ማስታወቂያ ላይ የማይገኝ የመንገድ መረጃ ይኖረዋል። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ልጆች አመስግነውን ይወጣሉ።

አንድ የሥነ ምግባር ነገር ሳላነሳ አላልፍም። «ሳይቋረጥ» የሚለው መመዘኛ ሰውን ለማታለል ይጋብዛል። ቀድሞ የተቀረፀን ቪዲዮ ኔትወርክ ካለበት ሆቴል ሆኖ እንደ ቀጥታ ማጫወት በጣም ቀላል ነው፤ እንዴት እንደሚደረግ የማያውቅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የለም። ማን አደረገ አላልኩም። ግን በእውነት ቀርፆ «ይህ ትናንት በዘጠኝ ሰዓት የተቀረፀ ነው» ብሎ የላከ ዜሮ፣ «አሁን በቀጥታ» ብሎ የዋሸ ዐሥር የሚያገኝበት መመዘኛ በጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ውስጥ መኖር አልነበረበትም።

በነገራችን ላይ ያ ረዳት ስንለየው የጠየቀን አንድ ነገር ነው፤ «መቼ ነው የሚተላለፈው?» አለን። ላይቭ ስለሚባል ነገር ስናስረዳው ግራ ገባው። እርሱ የፈለገው ወልቂጤ ያለው ሹፌሩ እንዲሰማው ነበር፤ ማታ፣ እራት ላይ፣ ሲመቸው።

የሚቀጥለው ሴሚስተር የመስክ ሥራ መመሪያ ገና አልተባዛም። «ስርጭቱ ሳይቋረጥ በመድረሱ፣ 10 ነጥብ» የሚለው ተሰርዞ «ዘገባው በተቀጠረለት ቀን በመድረሱና መቼና የት እንደተቀረፀ በግልጽ በመነገሩ፣ 10 ነጥብ» ቢባል የሚለወጠው አንድ መስመር ብቻ ነው። ይህንኑ የሚጠይቅ ማመልከቻ አዘጋጅተናል። የክፍል ተወካያችን ጋ ነው ያለው፤ እስካሁን አሥራ ሰባት ሰው ፈርሟል፣ ከነዚህም ውስጥ አራቱ ቢሾፍቱ ሄደው ዐሥር ከዐሥር ያገኙ ናቸው። መፈረም የምትፈልጉ እስከ ዓርብ ከሰዓት በፊት አናግሯት።